ስለ ፒተር ዌስትብሩክ እና እናቱ ስለሰጠችው አምስት ዶላር

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁም ቢሆን አውጡልኝ፣ ብቻ ስለ እናትየዋ የጻፍኩትን አትቁረጡብኝ።

ምኖረው ኒው ጀርሲ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እሰራለሁ። ጋዜጣችሁን ማነበው ሌሊት እረፍት ላይ በስልኬ ነው፣ ሁሌም ደሞ ከስፖርት ገጹ ነው ምጀምረው ምክንያቱም አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ስር አድርጎ ሩጫ ሲከታተል እያየሁ ነው ያደግኩት። ባለፈው ያወጣችሁት ጽሁፍ ላይ ውጭ አገር ያለን ወላጆች ልጆቻችንን ማያዋጣቸው ስፖርት ውስጥ እያስገባን ጊዜያቸውን እናባክናለን ሚል ነገር አነበብኩ፣ ከተዘረዘሩት ውስጥ ፌንሲንግም (ሰይፍ ይዘው ሚጋጠሙበት ስፖርት) አለበት፣ የሀብታም ፈረንጆች ጨዋታ ነው ለኛ ልጅ ምን ይረባዋል ተብሎ በአንድ መስመር ታለፈ። ጸሃፊው በክፋት ነው አልልም። ከሁለት አመት በፊት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "ማሚ ፌንሲንግ ልገባ ነው" ስትለኝ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር። ሴት ልጅ ሰይፍ ይዛ ምን ልትሆን ነው አልኳት። ሩጫ አለ፣ እግር ኳስ አለ፣ ቢቸግር ቅርጫት ኳስ አለ። ብዙ ተከራከርን፣ እሷም አለቀሰች፣ እኔም ተናደድኩ፣ ከዛ አንድ አብራኝ የምትሰራ የኒውዋርክ ተወላጅ የሆነች ትልቅ ሴትዮ ነገሩን ስነግራት "የፒተር ዌስትብሩክን ታሪክ አታውቂም እንዴ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። ከዛን ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ ያየሁትን ቪዲዮ ሁሉ አየሁ፣ አሁን ቢያንስ ለናንተ አንባቢዎች ለመናገር የሚበቃ አውቃለሁ ብዬ ነው። (አመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ፒተር ዌስትብሩክ የተወለደው በ1952 ሴንት ሉዊስ ነው፣ ያደገው ግን እዚሁ እኛ ጋ ኒውዋርክ። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነው፣ እናቱ ጃፓናዊት። ማሪኮ ዋዳ ትባላለች። እስቲ አስቡት፣ ሁለተኛው የአለም ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት አመቱ ነው፣ ጃፓንና አሜሪካ ሲገዳደሉ የነበሩ አገሮች ናቸው፣ አንዲት ጃፓናዊት ጥቁር ወታደር አግብታ አሜሪካ መጣች፣ ያኔ በብዙ ስቴቶች ጥቁርና ነጭ መጋባት እንኳን በህግ የተከለከለ ነበር፣ ይቺ ሴት እንግዲህ ከነጩም አይደለች ከጥቁሩም አይደለች። ከዛ ባልየው ጥሏት ሄደ። ልጆቹ ገና ህጻናት ናቸው። ዘመድ የላት፣ ቋንቋው እንደልቧ አይደለ፣ ሰፈሩ ፕሮጀክት ነው፣ ማለት መንግስት ለድሃ ያሰራው የኪራይ ህንጻ። እኔ እዚህ አገር ስመጣ ቢያንስ አክስቴ ነበረች፣ ቤተክርስቲያን ነበረ፣ ለቅሶ ቢሆን ደስታ ቢሆን ሚሰበሰብ ሰው ነበረ። ማሪኮ ማን ነበራት?

ኒውዋርክ ያኔ ምን እንደነበረች ለማያውቅ ደሞ፣ በ1967 ሀምሌ ላይ ከተማዋ ውስጥ የተነሳው ረብሻ 26 ሰው ነው የሞተበት። ፒተር ያኔ 15 አመቱ ነው። ጎዳና ላይ መደባደብ የለመደ ልጅ ነበር፣ ውስጡ ስለነበረው ንዴት ካደገ በኋላ ራሱ በግልጽ ብዙ ተናግሯል። እናትየው ይሄን ልጅ ከመንገድ እንዴት ላውጣው ብላ ስታስብ ወደ አእምሮዋ የመጣው ፌንሲንግ ነው። ለምን ቢባል እዛ ሚሄዱ ልጆች ጨዋ ናቸው፣ ልጄ ከነሱ ጋር ይውላል ብላ ነው። ልጁ ግን እምቢ አለ። የሰፈር ልጅ ነው፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጭንብል አድርጎ ምናምን፣ ጓደኞቹ ምን ይሉታል። እሷ ታዲያ ምን አለችው፣ ሂድና አንድ ቀን ብቻ ሞክረው፣ አምስት ዶላር እሰጥሃለሁ አለችው። ሄደ። አምስት ዶላሩን ተቀበለ። ሌላ አምስት ጨመረችለት፣ ድጋሚ ሄደ። ከዛ በኋላ ገንዘብ መስጠት አላስፈለጋትም፣ ልጁ ራሱ ገብቶበት ቀረ።

አምስት ዶላር በዛ ዘመን ለአንዲት ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ ሴት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ይገባኛል። እራት ነው። የነገ የአውቶቡስ ነው።

ልጁ ኤሴክስ ካቶሊክ ሚባል የኒውዋርክ ሃይስኩል ውስጥ ጀመረና በፌንሲንጉ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ አገኘ፣ በ1973 የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። በ1974 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። እና አልተወውም፣ የመጨረሻውን የአገር ሻምፒዮንነት ያሸነፈው በ1995 ነው፣ ከ40 አመት በላይ ሆኖት፣ በጠቅላላ 13 ጊዜ። ከመጀመሪያው እስከመጨረሻው 21 አመት ማለት ነው። በዛ መሃል ደሞ ስራ ይሰራል፣ አይ ቢ ኤም ውስጥ ሽያጭ ላይ ነበር፣ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ ፌንሲንግ ተጫውቶ ደሞዝ ሚባል ነገር አልነበረም። ያሰለጠነው ቻባ ኤልተስ ሚባል ሃንጋሪያዊ ነው፣ በቁጡነቱ የታወቀ ሰው ነበረ አሉ፣ የሃንጋሪ ሰዎች ደሞ በዚህ ጨዋታ እኛ በሩጫ እንደምንታወቀው ነው ሚታወቁት።

እዚህ ጋ ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ማያውቀውን ነገር ነው ሚንቀው። ፌንሲንግ ሶስት አይነት መሳሪያ አለው። ፎይል ሚባለው ቀጭን ነው፣ ነጥብ ሚያዘው በጫፉ ስትነካ ብቻ ነው፣ እሱም ደረት ሆድና ጀርባ ላይ። ኤፔ ሚባለው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የትም ብትነካ ነጥብ ነው። የዌስትብሩክ ግን ሳብር ነው፣ የልጄም እሱ ነው። ሳብር ማለት ከድሮ የፈረሰኛ ወታደር ጎራዴ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ከወገብ በላይ ነው ምትመታው፣ ራስም ክንድም ይቆጠራል፣ በጫፉ መውጋት ብቻ ሳይሆን በስለቱም መምታት ይቻላል። ፍጥነቱን በስልክ ቪዲዮ ካላዘገያችሁት ምንም አታዩም። ሁለቱም ባንዴ ቢነካኩ ነጥቡ ሚሰጠው መጀመሪያ ማጥቃት ለጀመረው ነው፣ የተጠቃው ግን መክቶ ከመለሰ መብቱ ወደሱ ይዞራል፣ ይሄ ሁሉ ሚሆነው አይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን ልብሱና መሳሪያው በሽቦ የተያያዘ ነው፣ ሲነካ መብራት ይበራል። በአብዛኛው የዌስትብሩክ ዘመን ግን ሳብር ላይ መብራት የለም! በኦሎምፒክ ሳብር ኤሌክትሪክ የገባለት 1992 ባርሴሎና ላይ ነው። ከዛ በፊት አራት ዳኞች በግራና በቀኝ ይቆማሉ፣ አንድ ዋና ዳኛ መሃል ይቆማል፣ ነካ አልነካም ሚለውን በአይናቸው አይተው ነው ሚፈርዱት። አንድ ከኒውዋርክ ፕሮጀክት የመጣ ጥቁር ልጅ፣ አውሮፓውያን ለዘመናት የኛ ነው ባሉት ጨዋታ ውስጥ፣ አምስት ሰው አይን ስር ቆሞ፣ ንዴት የተፈጠረበት ልጅ ነው ብያችኋለሁ፣ ፍርዱ ተሳሳተም አልተሳሳተም ጭንብሉን አውልቆ ለተጋጣሚውም ለዳኛውም ሰላምታ ሰጥቶ መውጣት አለበት፣ ያ የጨዋታው ህግ ነው። እኔ ስለ ሜዳልያው ካነበብኩት ይልቅ ይሄ ነው ሚገርመኝ። እንዲህ አይነት ሰው ንዴቱን የት አደረገው?

ኦሎምፒክ ቡድን ውስጥ ስድስት ጊዜ ተመርጧል። 1976፣ 1980፣ 1984፣ 1988፣ 1992 እና 1996። የተወዳደረው ግን አምስት ጊዜ ነው ምክንያቱም 1980 ሞስኮን አሜሪካ አልሄድም አለች። ይሄን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። የኛና የሱ ነገር አንዱ ሲኖር አንዱ የለም ነው። በ1976 ሞንትሪያል ዌስትብሩክ የመጀመሪያ ኦሎምፒኩን ሲወዳደር እኛ ከሌሎቹ የአፍሪካ አገሮች ጋር በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ምክንያት ቀርተናል፣ ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። በ1980 ሞስኮ ምሩጽ ሁለት ወርቅ ሲወስድ ዌስትብሩክ ቤቱ ቁጭ ብሏል። በ1984 ሎስ አንጀለስ እሱ ሜዳልያ ሲያገኝ እኛ ከሶቪየት ጋር ሆነን ቀረን፣ 1988 ሶልም ቀረን። የምሩጽን ጉዳይ አባቴ እስካሁን ሲያነሳው ድምጹ ይቀየራል። ስፖርተኛው ምን አድርጎ ነው፣ አራት አመት ሙሉ የደከመበትን ነገር የማያውቃቸው ሰዎች ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ይሰርዙበታል። ዌስትብሩክ 28 አመቱ ነበር ሞስኮ ሲሰረዝበት። በዛ እድሜ ተስፋ ቆርጦ ቢተወው ማንም ባልፈረደበት።

አልተወውም። በ1984 በ32 አመቱ ሎስ አንጀለስ ላይ በሳብር ነሐስ አገኘ። ወርቁን የወሰደው ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ላሙር ነው፣ በኋላ የፈረንሳይ ስፖርት ሚኒስትር የሆነው። እውነቱን ለመናገር ያኔ ሶቪየትና ሃንጋሪ ስላልመጡ ውድድሩ ቀሎ ነበር ሚሉ አሉ፣ ይበሉ። እኔ ምላችሁ ከሱ በፊት አሜሪካ በፌንሲንግ ሜዳልያ ያገኘችው 1960 ሮም ላይ ነው፣ አቤ በባዶ እግሩ የሮጠበት ኦሎምፒክ ማለት ነው፣ ከሱ በኋላ ደሞ ቀጣዩ የመጣው በ2004 አቴንስ ነው። ከሮም እስከ አቴንስ 44 አመት መሃል ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የማሪኮ ልጅ ነው። ከጥቁር አሜሪካውያንም ሆነ ከእስያ ዘር ካላቸው አሜሪካውያን በኦሎምፒክ ፌንሲንግ ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ በአባቱም በእናቱም።

በ1992 ባርሴሎና መዝጊያ ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ይዞ የወጣው እሱ ነው። ባርሴሎናን እኔ ማስታውሰው በደራርቱ ነው፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ለማየት ተሰብስበን ያለቀስነውን። ያቺን ሌሊት ያየ ሰው አይረሳትም። እዛው ስታዲየም እዛው ሰሞን አንድ የ40 አመት ሰው የእናቱን አምስት ዶላር ተቀብሎ የጀመረውን ይዞ ባንዲራ ተሸክሞ ሲሄድ ነበር፣ እኔ ግን ያኔ አላውቀውም።

እስካሁን ያልኩት ሜዳልያውን ነው። ደብዳቤውን ያጻፈኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በ1991 ገና ራሱ እየተወዳደረ እያለ ዌስትብሩክ በስሙ አንድ ፋውንዴሽን አቋቋመ። ቦታው ማንሃተን ፌንሰርስ ክለብ ውስጥ ነው፣ በ1883 የተመሰረተ ክለብ ነው፣ አስቡት፣ ከአድዋ 13 አመት በፊት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከብሮንክስ፣ ከብሩክሊን፣ ከኩዊንስ፣ ከሃርለም ወላጆቻቸው ከፍለው ማያስተምሯቸውን ልጆች ሰብስቦ ፌንሲንግ ማስተማር ጀመረ። በጥቂት ልጆች ነው የተጀመረው፣ በኋላ በመቶ ሚቆጠሩ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ሚመጡበት ሆነ። ፌንሲንጉ ብቻ አይደለም፣ የትምህርት ድጋፍ አለ፣ አስጠኚ አለ፣ ውጤቱ ሚወርድ ልጅ ይጠየቃል። ሌላው ደስ ሚለኝ ደሞ ትልልቆቹ ታናናሾቹን ማስተማራቸው ነው፣ ኦሎምፒክ ደርሶ የመጣ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሶ የአስር አመት ህጻን እግር አቋቋም ሲያስተካክል ይገኛል። ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፣ የቆሎ ተማሪ ታላቁ ታናሹን ሲያስቀጽል እንደሚያድገው ነው።

ምን ወጣው ብላችሁ እንደሆነ፣ እንዲህ ወጣው። ኪት ስማርትና እህቱ ኤሪን ከብሩክሊን ናቸው፣ አባታቸው ስለ ፋውንዴሽኑ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነው የወሰዳቸው። ጋዜጣ ላይ! ኪት በ2003 በሳብር የአለም አንደኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። በ2008 ቤጂንግ ከመድረሱ በፊት በከባድ የደም በሽታ ታሞ ነበር፣ ወላጆቹንም አጥቶ ነበር፣ እዛ ደርሶ ግን የአሜሪካ ወንዶች ሳብር ቡድን ሃንጋሪን 45 ለ 44፣ ሩሲያን 45 ለ 44 አሸንፎ ብር ወሰደ። ሁለት ጊዜ በአንድ ነጥብ ልዩነት። የመጨረሻዎቹን ነጥቦች ያገባው ኪት ነው። እህቱም እዛው ኦሎምፒክ በፎይል ቡድን ብር አገኘች። አንድ አባት አንድ ቀን ጋዜጣ ገልጦ፣ ሁለት ልጅ ሁለት ብር።

ዳሪል ሆመር ሚባለው ደሞ ከቨርጂን አይላንድስ የመጣ የብሮንክስ ልጅ ነው። ህጻን ሆኖ የልጆች መዝገበ ቃላት ውስጥ የፌንሲንግ ስዕል አይቶ እናቱን ይሄን መጫወት ነው ምፈልገው አላት፣ አመታት ፈጅቶባት ፋውንዴሽኑን አገኘችለት፣ ልጁ በ2016 ሪዮ ላይ በሳብር በግል ብር አመጣ፣ አሜሪካ በዛ ውድድር ብር ስታገኝ ከ1904 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ንዚንጋ ፕሬስኮድ በ2015 በአለም ሻምፒዮና በፎይል በግል ነሐስ አገኘች፣ በግል የአለም ሻምፒዮና ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆና። ሎረን ስክራግስ የኩዊንስ ልጅ ነች፣ ወንድሟን ተከትላ ነው የገባችው፣ በ2024 ፓሪስ ላይ በፎይል በግል ብር፣ በቡድን ደሞ ወርቅ፣ ያውም ሃርቫርድ እየተማረች።

ኢብቲሃጅ ሙሃመድን ለብቻዋ ላንሳት ምክንያቱም እሷ የኛው የኒው ጀርሲ ልጅ ነች፣ ብዙ እናቶችም ታሪኳ ይገባቸዋል። ቤተሰቦቿ ሙስሊሞች ናቸው፣ ስፖርት ትወዳለች፣ የስፖርት ልብስ ደሞ ሁልጊዜ ማስረዘም ማስተካከል ይጠይቃል። አንድ ቀን ከእናቷ ጋር በመኪና ሲያልፉ እናትየው የትምህርት ቤት ልጆች ሙሉ ሰውነታቸውን ሸፍነው፣ ጭንብል አድርገው፣ ሲጫወቱ አየች። ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ብቻ ይሄን ነው ምትጫወቺው አለቻት። እዛም ሌላ እናት! ልጅቷ በኋላ በፋውንዴሽኑ አለፈች፣ በ2016 ሪዮ ላይ ሂጃብ አድርጋ በኦሎምፒክ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች፣ በሳብር ቡድንም ነሐስ አገኘች። እዚህ ኒው ጀርሲም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ ሙስሊም እህቶቼ፣ ሴት ልጃችሁ በልብስ ምክንያት ከስፖርት የቀረችባችሁ ካላችሁ፣ ይሄ ስፖርት መጀመሪያውኑ ሙሉ ልብስ ነው።

ጸሃፊያችሁ ምን ይረባዋል ላለው እንግዲህ፣ ከላይ ያልኳቸው ልጆች የተማሩባቸውን ልቁጠርላችሁ። ሃርቫርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ዱክ፣ ባርናርድ፣ ሴንት ጆንስ። ሁሉም ልጅ ስኮላርሺፕ ያገኛል እያልኩ አይደለም፣ እንደዛ ብሎ ወላጅን ማታለል ነው ሚሆነው፣ አብዛኛው ልጅ አያገኝም። ጨዋታው ውድ ነው ሚለውም ሀሰት አይደለም፣ የግል ክለብና የግል አሰልጣኝ ካላችሁ ወጪው ለኛ አይነት ሰው ከባድ ነው። ግን ኒው ጀርሲ ውስጥ ብዙ የመንግስት ሃይስኩሎች የፌንሲንግ ቡድን አላቸው፣ ጭንብሉንም ጃኬቱንም ትምህርት ቤቱ ሚያውስበት አለ፣ ልጄ እንደዛ ነው የጀመረችው። እኛ ልጆቻችን እሱ ቡድን ውስጥ ማይገቡት በሩ ተዘግቶባቸው ላይሆን ይችላል፣ በሩ እንዳለ ስላልሰማን ነው። የሰማሁትም ጋዜጣ ላይ ሳይሆን ከስራ ባልደረባዬ ነው፣ ይሄ ነው ቅር ያለኝ።

ዌስትብሩክ ኖቬምበር 29 ቀን 2024 በጉበት ካንሰር አርፏል፣ 72 አመቱ ነበር። ያሳደጋት ልጅ ፓሪስ ላይ ወርቅ ካጠለቀች አራት ወር ገደማ ነው። የዛን ሰሞን ጋዜጣችሁን ከላይ እስከታች አየሁት፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ዝውውር ወሬ ሁለት ገጽ አለ፣ ስለሱ አንድ መስመር የለም። እግር ኳሱን አትጻፉ አላልኩም፣ ባሌም እሱን ነው ሚያነበው። ግን ሰው ሲሞት እንኳን ካልተወራ ልጆቻችን ምን ሰምተው ያድጋሉ፣ እኔ እንኳን ከሱ ሰፈር በመኪና 20 ደቂቃ እየኖርኩ አላውቀውም ነበር።

ፌንሲንግ የአፍሪካ አይደለም ሚል ሰውም ካለ፣ ግብጻዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም በ2012 ለንደን በፎይል ብር አግኝቷል፣ ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡባክሪ በ2016 ነሐስ፣ በ2024 ፓሪስ ደሞ የቱኒዚያው ፋሬስ ፈርጃኒ በሳብር ብር፣ የግብጹ ሞሃመድ ኤልሰይድ በኤፔ ነሐስ። እዛው ፓሪስ ላይ ግብጻዊቷ ናዳ ሃፌዝ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በሳብር ተወዳድራለች፣ የመጀመሪያ ግጥሚያዋንም አሸንፋለች። እኔ ሰባት ወር ላይ ደረጃ መውጣት ያቅተኝ ነበር። እኛ ደሞ ሻሞላና ጎራዴ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ህዝብ ነን፣ ጉግስ ሚጫወት፣ ጋሻና ጦር ይዞ ሚሸልል፣ እጃችንና አይናችን ለዚህ ይቸግረዋል ብዬ አላምንም።

ልጄ መጀመሪያ ስትወዳደር ሌሊት ሰርቼ ሳልተኛ ሄጄ ነው ያየኋት። ምንም አልገባኝም። መብራቱ ቀይ ይላል አረንጓዴ ይላል፣ ዳኛው እጁን ያወናጭፋል፣ አምስት ነጥብ ድረስ ነው ሚጫወቱት አሉኝ፣ እሷ አምስት ለአንድ ተሸነፈች። ተሸንፋ ጭንብሏን አወለቀች፣ ጠጉሯ በላብ ተጣብቋል፣ ሳብሯን ወደ ፊቷ ቀጥ አድርጋ አንስታ ለልጅቷ ሰላምታ ሰጠች፣ ለዳኛው ሰላምታ ሰጠች፣ ሄዳ እጅ ጨበጠች። ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድሟ ሪሞት ሲወስድባት በር ምትወረውር ልጅ ነች። መኪና ውስጥ ምን ሆነሽ ነው ያላለቀስሽው ስላት "ማሚ እሷ ቀድማኝ ነው ያጠቃችው፣ እኔ አልመከትኩም" አለችኝ፣ በቃ። ያን ቀን ነው ማሪኮ ዋዳ ምን አይታ እንደነበር የገባኝ።

አባቴ በስልክ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጎራዴ ነው ወይስ ሻሞላ ብሎ ጠየቀኝ፣ ጎራዴውን ነው ስለው ጥሩ ጥሩ አለ። አሁን በደወልኩ ቁጥር ከኔ ጤና ቀድሞ ሚጠይቀኝ ስንት ለስንት እንዳለቀ ነው።

ምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የስፖርት ገጻችሁ ላይ ግማሽ ገጽ ስጡትና የዌስትብሩክን ታሪክ እኔ ከጻፍኩት በተሻለ አማርኛ፣ በደንብ አጣርታችሁ ጻፉት። ከተቻለ ደሞ ልጆቻችን በየስቴቱ፣ በየአገሩ፣ እኛ ማናውቀው ስፖርት ውስጥ ያሉትን እየፈለጋችሁ አናግሯቸው፣ አሉ፣ ዋናተኛም አለ፣ ቀዛፊም አለ፣ ወላጅ ግን ሲጠየቅ ያፍራል ምክንያቱም ስፖርቱን በአማርኛ ምን ብሎ እንደሚጠራው አያውቅም። ሎረን ስክራግስም ዳሪል ሆመርም በህይወት አሉ፣ ስለ አስተማሪያቸው ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

ስትጽፉት ደሞ እናትየዋን "አንዲት ጃፓናዊት" ብላችሁ እንዳታልፏት። ሙሉ ስሟ ማሪኮ ዋዳ ዌስትብሩክ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ከኒው ጀርሲ